ካናቴራው ከመታተሙ በፊት

እሑድ ጧት የግቢያችሁ በር ተንኳኩቶ ስትከፍቱ የሠፈራችሁን ልጆች ቆመው አግኝታችኋቸው ታውቁ ይሆናል። አንደኛው ደብተር ይዟል፤ ሌላው ኳስ ታቅፏል። «ጋሼ፥ ለቡድናችን ማልያ መግዣ ርዱን» ይላሉ። ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ የሚጫወት ልጅ ከብዙ ክፉ ነገር ይድናልና መርዳት ደግ ነው። ዳሩ ግን በወር መጨረሻ የደመወዝተኛ ኪስ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

አሁን አሁን ከልመና የተሻለ ዘዴ የያዙ ቡድኖች አሉ። የቡድናቸውን ስምና ምልክት በካናቴራ ላይ አሳትመው ለወላጅ፥ ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ወዳጅ ይሸጣሉ፤ በትርፉም ኳስ፥ ጫማና መረብ ይገዛሉ። የሰጠው ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የተቀበለውም ልጅ አንገቱን አይደፋም። ዘዴው መልካም መሆኑን አምናለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መልካምነቱ ሳይሆን ስለ አደጋው ነው፤ እኔ ራሴ አፍሬበታለሁና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠፈራችን ልጆች «ጋሼ ቢሮ ስለሚሠሩ ሒሳብ ያውቃሉ» ብለው ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ። በየቤቱና በየቢሮው እየዞርን «ካናቴራ ብናሳትም ትገዛላችሁ?» እያልን ጠየቅን። «እንዴታ! ለልጆቻችን ካልገዛን ለማን ልንገዛ ነው?» ያላለን አልነበረም። እኛም ይህን «እንዴታ» እንደ ጥሬ ገንዘብ ቈጥረን፥ ልጆቹ ለወራት ያጠራቀሙትን ሁሉ ከፍለን መቶ ካናቴራ አሳተምን። ካናቴራው በመጣ ጊዜ ግን አንዱ «ደመወዝ ይውጣ» አለ፤ ሁለተኛው «ጠበበኝ» አለ፤ ሦስተኛው እኛን ሲያይ መንገድ ቀየረ። ከግማሽ የሚበልጠው በጆንያ ታስሮ ከአልጋዬ ሥር ገባ።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ «ጋሼ፥ ብራችን የት ሄደ?» ሲል ጠየቀኝ። አልከሰሰኝም፤ መጠየቁ ብቻ ነበር። አንዲት ሳንቲም አልሰረቅሁም፤ ነገር ግን ገልጬ የማሳየው መዝገብ አልነበረኝም። መዝገብ ከሌለ ንጹሕ ሰውና ሌባ በልጅ ዓይን አንድ መልክ እንዳላቸው ያን ዕለት ተማርሁ።

እናንተም ነገ «የተማረ ነው» ተብላችሁ ይህ ሥራ ሊሰጣችሁ ይችላልና የሚከተለውን አስተውሉ።

መጀመሪያ ነገር፥ «እሺ» ገንዘብ አይደለም። ከመታተሙ በፊት የእያንዳንዱን ገዥ ስምና የካናቴራውን ልክ መዝግባችሁ ቀብድ ተቀበሉ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ተመልከቱ። ተመዝጋቢው አስቀድሞ ከፍሎ ካናቴራውን ይቀበላል፤ በሩጫው ቀንም ያንኑ ለብሶ ይወጣል። ገንዘቡ ይቀድማል፤ ካናቴራው ይከተላል። ቀብዱ የማሠሪያውን ዋጋ ያህል ከሆነ፥ የቀረው ሰው ቢቀር እንኳ የልጆቹ ገንዘብ አይነካም።

ሁለተኛ፥ የኅትመቱን ጠባይ ዕወቁ። የተለመደው የስክሪን ኅትመት ነው፤ ይኸውም በክፈፍ ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ፥ ምልክቱ ባለበት ቦታ ብቻ ቀለም እንዲያልፍ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ክፈፍ ይዘጋጃል። ስለዚህ ቀለሙ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፤ ባለ አንድ ቀለም ምልክት ለድኻ ቡድን ይበቃል። ቀለሙም በሙቀት በሚገባ ካልደረቀ በአጠባ ይለቃልና፥ አንድ ናሙና አስቀድማችሁ ተቀብላችሁ እጠቡት።

ክፈፉን ማዘጋጀት ለአሥርም ለመቶም አንድ ስለሆነ፥ አታሚው «ብዛት ብታዙ ይረክስላችኋል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ የሚያሳስታችሁም ይኸው እውነት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንዱ ካናቴራ በ400 ብር ተሠርቶ በ550 ብር ይሸጥ እንበል። 60 ገዥ ኖሮ 60 ብታሳትሙ 9,000 ብር ታተርፋላችሁ። «ምናልባት» ብላችሁ 70 አሳትማችሁ አሥሩ ቢቀር ግን ትርፋችሁ 5,000 ብር ብቻ ይሆናል። አሥር ካናቴራ ከ26 ከሚበልጥ ገዥ የተገኘውን ትርፍ በላ ማለት ነው። ዋጋው ረከሰ ተብሎ የተገዛ ትርፍ ዕቃ ከውድ ዕቃ ይብሳል።

ሦስተኛ፥ ጊዜውን ምረጡ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰ ጊዜ፥ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ማልያ በየመንገዱ ሲሸጥ አይተናል። ሰው የሚገዛው ልቡ በሞቀ ጊዜ ነው። የእናንተም ካናቴራ ከውድድሩ በፊት ይድረስ፤ ከውድድሩ በኋላ የመጣ ካናቴራ ከሠርግ በኋላ እንደ ደረሰ ድግስ ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ገንዘቡን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ ልጅ ካናቴራ ተሸክሞ በመሸታ ቤትና በመኪና መካከል አይዙር። ብዙ የሸጠውም አይሰለፍ፥ ያልሸጠውም ተጠባባቂ አይሁን። አጎቱ ባለሱቅ የሆነ ልጅ ሃያ ይሸጣል፤ እናቱ እንጀራ ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ምናልባት አንድም አይሸጥ ይሆናል። በሜዳ ላይ የሚለያቸው እግራቸው እንጂ ዘመዳቸው መሆን የለበትም።

በመጨረሻም የገባውንና የወጣውን፥ ደረሰኙንም ጭምር፥ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ልጆቹ በተሰበሰቡበት አንብቡት። የእድራችን ጸሐፊ በአባላቱ ፊት ሒሳቡን እንደሚያሰማው ማለት ነው። ልጅ ነው፥ አይገባውም አትበሉ። ኳሱ ይቀደዳል፤ ካናቴራውም ይነጣል፤ ያ ልጅ ግን ነገ በመሥሪያ ቤት የሕዝብ ገንዘብ ሲይዝ የሚያስታውሰው በልጅነቱ የሰማውን ሒሳብ ነው።

ከጆንያው የተረፈችውን አንዲት ካናቴራ እኔ እስከ ዛሬ እለብሳታለሁ፤ ጠባብ ናት። በሚመጣው ሳምንት ያገናኘን።