የጣና መንገደኛ ምን ይሻል?

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው አውሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር የተነሣው ከዚሁ ከሰፈራችን ከልደታ ሜዳ ነበር፤ ቦሌ ከመሠራቱም በፊት በአየር የሚመጣው እንግዳ የአዲስ አበባን ምድር የሚረግጠው ከልደታ ማርያም ደጅ ባልራቀው በዚህ ስፍራ ነበር። ኋላም አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መጠሪያ አገራቸውን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የጉዞ መሥመር ተያያዙ፤ የጣናም የጀልባ ጉዞ የዚያ መሥመር ጌጥ ሆነ።

በውኃ ላይ ሊጓዝ የሚሻ ሰው መዳረሻውን ሲመርጥ አስቀድሞ የሚመረምረው የመርከቡን ግዝፈትና የሆቴሉን ድምቀት ነው የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰዷል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የኢጣሊያ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ግዙፋኑን መርከቦች ከቬኒስ ዋና የውኃ መንገድ ያገደው፣ መንገደኛው ሊያየው የመጣውን ከተማ መርከቡ ራሱ እየጎዳው ስለ ተገኘ ነው። ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለው የዓባይ ጉዞ ግን ስመ ጥር ሆኖ የኖረው፣ እንግዳው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በየትኛው ቀን ኤድፉ፣ በየትኛው ቀን ኮም ኦምቦ እንደሚወርድ፣ ምን እንደሚከፍልና የት እንደሚያድር ዐውቆ ስለሚነሣ፣ በደረሰበትም ወደብ ሁሉ በሌላ አገር የማይገኝ ጥንታዊ ሥራ ስለሚጠብቀው ነው።

የዚያ ውኃ አንዱ ምንጭ የሆነው ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዳማቱ ዛሬም ጸሎት የሚደረስባቸው ሕያዋን ማኅበራት የሆኑለት ባሕር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሄደ ሰው ከጀልባው ወርዶ በቡናው ጫካ መካከል በእግሩ ሲወጣ፣ ማረስን የከለከለው የአበው ሥርዐት ደኑን እንዴት እንደ ጠበቀው ያያል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶም የመቅደሱን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ የሸፈኑትን ሥዕላት ይመለከታል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የዘለቀው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበትን ደሴት ይሳለማል፤ በናርጋ ሥላሴ የእቴጌ ምንትዋብን ሥራ ያደንቃል። በመመለሻውም ላይ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ባለቤቷን ብቻ ይዛ በሞተር ጀልባው ጎን ስታልፍ ያያል።

እንግዲህ ጣና የጎደለው የሚታይ ነገር አይደለም፤ የጎደለው መተማመኛ ነው። በመጀመሪያ የሰላም መተማመኛ፣ ምክንያቱም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የተነሣ እንግዳው ርቋል፤ መንገደኛን ያጡት ባለ ጀልባዎችና አስጎብኚዎች ያለ ጥፋታቸው እየተቸገሩ ነው። ቀጥሎም የሐይቁ ጤንነት፤ እምቦጭ ዳርቻውን ሲወርር ዓሣ አጥማጁ ከመረቡ፣ ጀልባውም ከመንገዱ ይታገዳል። ከዚህ የተረፈው ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ የሥርዐት ጉዳይ ነው። ዋጋ በወደብ ላይ በክርክር የሚቆረጥ ከሆነ፣ የመነሻውም ሰዓት ጀልባው እስኪሞላ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የሚሰሙት ከደሴቱ ደርሰው ከሆነ፣ እንግዳው ቅር ብሎት ይመለሳል፤ ገዳሙም ባላጠፋው ጥፋት ይታማል።

ስለዚህ የጀልባ ማኅበራትና የከተማው ሹማምንት ከገዳማቱ አበው ጋር ተማክረው ዋጋውን፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓቱን፣ የየገዳሙንም ሥርዐት በወደቡ ላይ በጉልህ ጽፈው እንዲሰቅሉ፣ እያንዳንዱንም ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳያለብሱ ከወደብ እንዳይነሡ በአክብሮት እለምናለሁ።