የጋራ ግቢ ውሻ ባለቤቱ ማን ነው?

በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ውሻ የሌለበት የገጠር ደጃፍ ማግኘት ያስቸግራል። በጉን ከቀበሮና ከጅብ፣ ጎተራውን ከሌባ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ቤተሰቡ ወደ ከተማ ሲገባ ነው። በገጠር አንድ አባወራ፣ አንድ አጥርና አንድ ውሻ ነበሩ። በከተማ ግን በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት እና አንድ የውኃ ቧንቧ ይገኛል። ውሻው የማን እንደኾነ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል።

ጉዳዩ የጎረቤታሞች ጭቅጭቅ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። ከጀርባው ሰው የሚገድል በሽታ፣ ያልተሟላ የቤቶች አስተዳደር እና የአንድ ብርቅዬ የዱር እንስሳ ሕልውና አሉ።

የችግሩ ሥር ከቤቶቹ አስተዳደር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የኾኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቀበሌ ቤት የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች መጠለያ ኾኖ ቆይቷል። አስተዳደሩ በዋናነት የሚያውቀው ግን ቤቱን የያዘውን ሰውና የሚከፍለውን ኪራይ ነው፤ በግቢው የሚያድረው እንስሳ በመዝገቡ ላይ ቦታ የለውም።

ኋላ የመጣው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የተሻለ የሕግ መሠረት አለው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል የኾነውን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በመተዳደሪያ ደንብ ሕንፃውን እንዲያስተዳድር ይደነግጋል። መርሐ ግብሩ በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ፣ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚያገለግሉ የጋራ ቤቶችም አብረው ታቅደዋል። ዕቅድ አውጪዎቹ ለበዓል የሚታረደውን በግ አስበውበታል ማለት ነው። በየደረጃው ሥር የሚያድረው ውሻ ጉዳይ ግን ለየማኅበሩ ውሳኔ የተተወ ነው። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የማኅበሩ አባል ያልኾኑ ተከራዮች ሲኾኑ ደንቡ ቢወጣ እንኳ የሚሰማው ጥቂት ነው።

ተጠያቂነትን በተመለከተ ሕጉ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መኾኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢኾንም ከኃላፊነት አያመልጥም። የጎደለው ባለቤቱን መለየት ነው። ምዝገባ በሌለበት ግቢ ውሻው ሌባ ሲያባርር የሁሉም፣ ሕፃን ሲነክስ ግን የማንም አይደለም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ሲኾኑ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው መነሻው ውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድና ክትባቱን መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

በከተሞቻችን የተለመደው መልስ ውሾችን በመርዝ ማጥፋት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ቆሻሻው በየመንደሩ እስከተጣለ ድረስ የተገደለውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል፤ መርዙ የተከተበውንም ካልተከተበው አይለይም። ሥርጭቱ የሚቋረጠው ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ ነው። የዓለም አቀፍ ተቋማት በ2022 ዓ.ም. ገደማ በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት ለማስቀረት የያዙት ግብም የተመሠረተው በዚሁ ስሌት ላይ ነው።

በግ አርቢ በኾነው ደጋ ሁለተኛ ስጋትም አለ። ኢኪኖኮከስ የተባለው የውሻ ኮሶ ትል ዑደቱን የሚያዞረው በእርድ ቦታ ነው። ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ ሲጣል ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣርና በውኃ በኩል ወደ በጉ፣ በእጅና በምግብ በኩል ደግሞ ወደ ሰው ይገባል። በጋራ ግቢ አንዱ ያረደው በግ የሌላውን ልጅ ሊያሳምም ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተበላሸውን የሆድ ዕቃ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት መስጠት።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ወሎ ጉዳዩ የመከባበርም ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ ለሶላት እንደማይኾን የሚያምን ጎረቤት፣ የሌላው ውሻ በጋራ መተላለፊያ ልቅ መለቀቁ ቢያስቸግረው ቅሬታው ተገቢ ነው። ባለ ውሻውም ለጥበቃ ያሳደገውን እንስሳ በአንድ ቀን እንዲያስወግድ መገደዱ ፍትሐዊ አይኾንም። ሁለቱን የሚያስታርቀው ጽሑፍ ላይ የሠፈረ ደንብ ነው።

ከከተማው ወጣ ሲባል የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ከመኖሪያዎቹ አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው፤ በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው። በባሌ ተራሮች በ1984፣ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ክፉኛ ጨርሷል። ባሌ ብዙ ቀበሮ ስለነበረው አገገመ። በቁጥር አነስተኛ በኾነው የወሎ መንጋ ላይ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ቢደርስ ግን ማገገሙ ያጠራጥራል።

የሌሎች ተሞክሮ መንገድ ያሳያል። አብዛኛው ሕዝቧ በመንግሥት በተሠሩ አፓርታማዎች የሚኖርባት ሲንጋፖር በአንድ ቤት ከተፈቀዱ ትናንሽ ዝርያዎች አንድ ውሻ ብቻ፣ ያውም በፈቃድ ታስተናግዳለች። ለዐሥርት ዓመታት የተከለከለችው ድመትም ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሁለት ድረስ ተፈቅዳለች፤ መመዝገብ ግን ግዴታ ነው። ክልከላው እንስሳትን ከማስደበቅ አላለፈም ነበር፤ ምዝገባው ግን ባለቤቱን ያሳውቃል።

ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ከተሞች የሚስማማው ከዚህ የቀለለ ሊኾን ይችላል። በቀበሌ ቤት ኪራይ ውል ላይ እንስሳን የሚመለከት አንድ አንቀጽ መጨመር፣ በየግቢው የውሻና የባለቤት መዝገብ መያዝ፣ ለተከተበ ውሻ የአንገት ምልክት ማሰር እና የክትባት ዘመቻን ከገበያ ቀን ጋር ማገጣጠም ከባድ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት የቤቶች አስተዳደሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድ መዝገብ እንዲሠሩ ነው። ክትባቱን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ማቅረብም የግድ ነው፤ ድኻው ነዋሪ ውሻውን እንዳያስመዘግብ የሚያደርገው የወጪ ስጋት ነውና።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ባለቤትነትም ሊለካ የሚገባው በዚሁ ነው። ፍርፋሪ የሚሰጠው ግቢ ውሻውን ያስመዝግበው፣ ያስከትበው፣ ለሚያደርሰውም ጉዳት ይጠየቅበት።