«በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ»

ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ዜና የተከታተለ ሁሉ «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» የምትለውን ሐረግ አይረሳትም። ያ «አንድ» ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ሲወስዱ አንዱ ለግል ተወዳዳሪ ደረሰ። የቀረውን አንድ ደግሞ በመድረክ ስም በአዲስ አበባ የተወዳደሩት የአንድነት ፓርቲ አባል አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። አምስት ዓመት ሙሉ የተቃዋሚው ጎራ ድምፅ በዚያ አዳራሽ በአንድ እጅ ተወሰነ።

ዛሬ ይህን የምናነሳው ግለሰብን ለማወደስም ሆነ ለመውቀስ አይደለም። በየመንደሩ ለቅስቀሳ በወጣን ቁጥር «እናንተን መምረጥ ድምፅን ማባከን ነው፤ አንድ ሁለት ሰው ገብቶ ምን ያመጣል?» የሚል ጥያቄ ስለሚቀርብልን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስም ይሻል።

በመጀመሪያ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሕግ እንደማያስቆም አንክድም። አበው «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» ያሉት ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱም የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው አካል ሥልጣን ላይ እንዲወያይ የማስገደድ መብት የተሰጠው ለአባላቱ አንድ ሦስተኛ ነው። ከ547 መቀመጫ ይህ 183 ሰው ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከ170 በላይ መቀመጫ ለተቃዋሚዎች በታወጀበት ጊዜ እንኳ ይህ ቁጥር አልሞላም ነበር።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በቁጥር ማነስ ማሳበብ እውነቱን መሸፈን ነው። ከዚያው ምርጫ በኋላ፣ ሊሰናበት የተቃረበው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ተስማምተው አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ የነበረውን ከግማሽ በላይ የሆነ የአባላት ድጋፍ እንዲጠይቅ አደረገ። እንግዲህ ፍረዱ! ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያለው ወገን ገዢው ፓርቲ ነው። አጀንዳ ለማስያዝ የገዢውን ፓርቲ ፈቃድ የሚጠይቅ ተቃዋሚ፣ ዳኛውን ራሱን ከሳሽ አድርጎ ችሎት እንደሚቆም ባለጉዳይ ነው። የአንድ ተመራጭ ድካም ፍሬ ያጣው ሰውየው ስላልሠራ ሳይሆን በሩ አስቀድሞ ስለተዘጋ ነው።

ቀጥሎ የሆነውንም እናውቃለን። በጥር 2007 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የአንድነት ፓርቲን ሕጋዊ ዕውቅና ለሌላ ቡድን ሰጠ፤ አቶ ግርማና ጓዶቻቸው ከውድድር ውጭ ሆኑ። በግንቦቱ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ መቀመጫዎቹን ሁሉ ጠቅልለው ያዙ። «አንድ ተቃውሞ» የምትለዋም ቃል ከዜናው ጠፋች። አቶ ግርማ ከጊዜ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባን ኢንቨስትመንት ኮሚሽን እንዲመሩ ተሹመዋል። ይህን ይዘው «ተቃዋሚ መጨረሻው ሹመት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ የምንማረው ሌላ ነው። የሕዝብ ድምፅ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ከተጫነ፣ ያ ሰው ቦታ በለወጠ ቀን ወንበሩ ወራሽ ያጣል።

ሁለተኛውን ማስረጃ ከቅርቡ እንውሰድ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አገኙ። ከአብን ተመራጮች አንዱ የሆኑት አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴን በሰብሳቢነት መርተዋል። ይህ ኮሚቴ የዋና ኦዲተርን ሪፖርት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ ነው። ጥቂት መቀመጫ ያለው ፓርቲ መሣሪያ ሲያገኝ ሊሠራ የሚችለውን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተመራጩ ሲታሰሩ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን አላነሳም ነበር። አንቀጽ 54 ግን እጅ ከፍንጅ ካልሆነ በቀር የምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝ ይደነግጋል። ከተመራጩ ሐሳብ ጋር መስማማት ወይም አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። መራጩ የወከለው ሰው ያለ ሕጉ ሥርዓት ሲወሰድ አብሮ የሚታሰረው የመራጩ ድምፅ ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን ድምፃችሁን ሲጠይቅ የሚከተለውን ቃል ይገባል፤

ሀ) 20 አባላት አጀንዳ የማስያዝ መብት እንዲኖራቸው የአሠራር ደንቡ እንዲሻሻል ሐሳብ እናቀርባለን።

ለ) የመንግሥት ወጪ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢነት በገዢው ፓርቲ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በደንብ ለተቃዋሚ እንዲሰጥ እንታገላለን።

ሐ) በአብላጫ ድምፅ ብቻ የሚያሸንፉበት ሥርዓት በተመጣጣኝ ውክልና እንዲደገፍ እንሠራለን። በአንድ ወረዳ ከ100 መራጭ 51ዱን ያገኘ ሁሉንም ወስዶ 49ኙ ያለ ወኪል የሚቀሩበት አካሄድ ፍትሐዊ አይደለም። ይህ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ስለሚጠይቅ በአንድ ጀንበር እንደማይሆን እንናገራለን፤ ውይይቱን ግን እንጀምራለን።

መ) የእኛ ተመራጮች በእያንዳንዱ አዋጅ ላይ የሰጡትን ድምፅ በየምርጫ ክልላቸው በጽሑፍ ያሳውቃሉ። አመኔታችሁን ካጡ በአንቀጽ 54 መሠረት ልታወርዷቸው ትችላላችሁ፤ እኛም ከመንገዳችሁ አንቆምም።

የተከበራችሁ መራጮች! አንድ እጅ ብቻውን አዋጅ አላስቀረም። ሆኖም ያ እጅ ባይነሳ ኖሮ በቃለ ጉባዔው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ያልተስማማችሁት እናንተም እንደተስማማችሁ ይቆጠር ነበር። የባከነው ድምፅ ለትንሽ ፓርቲ የተሰጠው አይደለም፤ ቤት የቀረው ነው። አንዱን 20፣ ሃያውን 183 የማድረግ ሥልጣን በእጃችሁ ባለው የምርጫ ካርድ ላይ ነው። ውጡ፣ ምረጡ፣ ቆጠራውንም ተከታተሉ!

የሕዝብ ድምፅ ይከበር!
ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!