ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፦ ስለ ቅመም ሻይ፣ ስለ ቅቤና ስለ ደጋው የስኳር ሕመምተኛ

እንደሚታወቀው በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ሻይ የማይፈላበት ማለዳ የለም። ከፒያሳ ሻይ ቤቶች እስከ ደባርቅ መናኸሪያ ድረስ እንግዳ አረፍ ብሎ «ሻይ» ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ብርጭቆው ፊቱ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ስኳር ከሥሩ ተጨምሮበታል። ጠጪው የሚጠየቀው ሻይ መፈለጉን እንጂ ስኳር መፈለጉን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህ ልማድ እንዲቀር ነው። ከመከራከርም አልፈን፣ ስኳሩ ሲወጣ ቦታውን የሚይዝ፣ ጣዕሙ የጠለቀና ሆድ የሚይዝ የቅመም ሻይ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ትንሽ ስሌት እናስቀድም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከሻዩ ብቻ 60 ግራም ስኳር ያገኛል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ነው። ሌላ ጣፋጭ ነገር ሳይቀምስ፣ በሻይ ብቻ ከላይኛው ወሰን ያለፈ ሰው በየመንደራችን አለ። ይህ ደግሞ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ እስኪጀምር ድረስ በደጋው ጣፋጭ ማለት በአብዛኛው ማር ነበር፤ ማርም ቢሆን ወደ ጠጅ ጋን ይገባ ነበር እንጂ በየቀኑ አምስት ጊዜ አይላስም።

ይሁን እንጂ ነገሩን «ስኳር የበላ ሁሉ በስኳር በሽታ ይያዛል» ወደሚል ተራ ብያኔ ማውረድ አንፈልግም። የበሽታው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። በተለይ በጎንደር ዙሪያ የሚታየው የስኳር በሽታ ከመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ጋር የማይገጥም ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለዓመታት ያስተዋሉት፣ ከገጠር የሚመጣው የስኳር ሕመምተኛ ወፍራም የከተማ ሰው ሳይሆን በአብዛኛው ወጣት፣ ቀጭንና ድሃ ገበሬ መሆኑን ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ መዝገብ እንደገና ሊከፈት ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህን ዓይነቱን በሽታ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 ደግሞ ሰረዘው። ጥያቄው መልስ ለማግኘት ጊዜ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» የሚል ስያሜ ሰጥቶ ተቀብሎታል።

ይህ ከሻይ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገናኘው እንዲህ ነው። «ካርቦሃይድሬት ቀንሱ» የሚለው ምክር ዛሬ በየስልኩ የሚሰራጭ ሲሆን፣ የተወለደው ውፍረት ባስቸገራቸው አገሮች ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር በእግሩ ወርዶ ለመጣ፣ አጥንቱ ለሚታይ ገበሬ ይህንኑ ምክር እንዳለ መስጠት ከስኳሩ ጋር የቀረችውን ጉልበቱንም መንጠቅ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው የስኳሩን ቦታ በሌላ ጉልበት የሚተካ መጠጥ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር 48 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ 5 ግራም ብትሆን፣ 36 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ትሰጣለች። ሩብ ብርጭቆ የማይሞላ ወተት ሲጨመርባት ጉልበቱ ይስተካከላል፤ ያ ወተት የሚያመጣው ስኳር ደግሞ፣ ላክቶስ የሚባለው፣ ከአንድ ግራም ብዙም አይርቅም። ጉልበቱ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ወደ ደም የሚገባበት መንገድ ፈጽሞ ይለያያል። ስኳሩ በደቂቃዎች ውስጥ የደም ስኳርን ያሻቅባል፤ ስቡ ግን ቀስ ብሎ ይፈጫል።

«ቅቤ በሻይ?» ብሎ የሚስቅ ካለ ቡናውን ያስታውስ። ቡናን በቅቤ ወይም በጨው መጠጣት በብዙ የአገራችን ክፍሎች የቆየ ልማድ ነው። በቲቤት ተራሮችም ሻይን ከቅቤና ከጨው ጋር ንጦ መጠጣት ለብርድና ለድካም የታወቀ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካ ደግሞ ቅቤ የገባበት ቡና «ቡሌትፕሩፍ» በሚል ስም በውድ ሲሸጥ፣ ሐሳቡን ያመጣው ነጋዴ ከቲቤት መቅሰሙን ራሱ ተናግሯል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንኑ ከፈረንጅ መደብር ገዝተው ሲጠጡ እናቶቻቸው ምን ይሉ ይሆን እያልን መገረማችን አልቀረም።

ወደ ቅመሙ እንመለስ። ጎንደር ለቅመም እንግዳ ከተማ አይደለችም። ከደቡብ ምዕራብ፣ ከእናርያና ከከፋ በጎጃም በኩል የሚወጣው የሲራራ ንግድ ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነበር፤ በአዲስ ዓለም የሰፈሩት ሙስሊም ነጋዴዎችም የዚህ ንግድ ጀርባ አጥንት ነበሩ። ኮረሪማ ከጫካው ወደ ሰሜን የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ በቅዳሜ ገበያ ከኮረሪማው አጠገብ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ተደርድረው ይገኛሉ። ኮረሪማና ሄል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ ኮረሪማ የራሳችን ምድር ተክል ነው፣ ሄል ግን ከእስያ የመጣ ነው። ሁለቱም ሲኒኦል የተባለውን መዓዛ ሰጪ ውሁድ ይዘዋል። የቅርንፉድ ጠረን በአብዛኛው ከዩጂኖል፣ የቀረፋ ከሲናማልዴሃይድ፣ የዝንጅብል ማቃጠልም ከጂንጀሮል የሚመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ። ቅቤ ወይም ስልባቦት ያለበት ወተት የቅመሙን ጣዕም አፍ ውስጥ አቆይቶ የሚያሰማው ስለዚህ ነው። የወተቱ ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ የሻዩን ታኒን ስለሚይዘው ምላስ የሚያደርቀው ጠባዩ ይለዝባል፤ ምሬቱ ሲለዝብም ስኳር የመጨመር ፍላጎት ይቀንሳል።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ግን የመፍያው ነጥብ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ጀበና የጣደ ቢኖር በ85 ዲግሪ ሲንፈቀፈቅ ያየዋል። እሳቱን ማንደድ ሙቀቱን አይጨምርም፤ እንጨት ብቻ ይፈጃል። የደጋ ባልቴቶች ባቄላ ለምን እንደሚዘገይባቸው ቁጥሩን ባያውቁም ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁታል። በባሕር ጠረፍ አገሮች ለሚኖር ሰው የተጻፈ የሻይ አዘገጃጀት በእኛ ደጋ ቅጥነት የሚታይበት መጠጥ የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለአራት ብርጭቆ የሚሆነውን እንዲህ እናዘጋጃለን። ከአንድ ኮረሪማ የወጣውን ፍሬ፣ አምስት ወይም ስድስት ቅርንፉድ፣ የጣት ርዝመት ያላት አንዲት ቀረፋ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል በሙቀጫ እንሰባብራለን። እንደ ዱቄት ማላም አያስፈልግም፤ ዱቄት ከሆነ ማጥለያው አይዘውም። የተሰባበረውን በግማሽ ሊትር ውሃ ከማታው ብንዘፈዝፈው ጠዋት የሚፈልገው ማገዶ ይቀንሳል። ከዚያ በለስላሳ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ደባርቅ ላይ ከሆንን ጥቂት ጨምረን፣ ክዳኑን ገጥመን እናፈላዋለን። ክዳኑ የግድ ነው። አረቄ ስታወጣ ያየናት ሴት የምትይዘው ነገር በእንፋሎት የሚያመልጠውን ነው፤ የቅመም ዘይትም እንዲሁ ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚወጣ ቤቱ በመዓዛ ሲታወድ ማሰሮው እየተራቆተ ነው ማለት ነው። ሻይ ቅጠሉን የምንጨምረው መጨረሻ ላይ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከቅመሙ ጋር ከመጀመሪያው ከፈላ ምሬቱ ስኳር ይጠራል። ካፌይን የማይስማማው ሰው በሻይ ቅጠሉ ፋንታ በደጋው የሚበቅለውን ጦስኝ ይጠቀም።

ወተቱን ለብቻው አፍልተን፣ ስልባቦቱን ሳንገፍ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል እንጨምራለን። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማፍላቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ደግነቱ ለዚህ 93 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ቅቤውንም በዚሁ ምክንያት አቅልጦና አሙቆ መጨመር ይሻላል። በኮሰረትና በነጭ ሽንኩርት የተነጠረው የወጥ ቅቤ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሻዩ ወጥ ወጥ ይላል።

ቅቤው ላይ ላዩን እንዳይንሳፈፍ ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ስብና ውሃ ተለያይተው መኖር የሚወዱ ስለሆኑ የሚያስታርቃቸው ይፈልጋሉ፤ እዚህ አስታራቂው የወተቱ ፕሮቲን ነው። ከአንዱ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው ከፍ እያደረጉ ስምንት አሥር ጊዜ መገልበጥ ስቡን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበታትነዋል፤ ፕሮቲኑም ጠብታዎቹን ይሸፍናቸዋል። ወይዘሮዋ በቅል ስትንጥ ቅቤን ከወተት ትለያለች፣ እኛ ደግሞ በመገልበጥ እንመልሰዋለን። ልዩነቱ በአብዛኛው የሙቀት ነው፤ በቅሉ ውስጥ ስቡ በከፊል የረጋ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በትኩሱ ሻይ ውስጥ ግን ቀልጦ ይበተናል። በስተመጨረሻ በሁለት ጣት የተቆነጠረች ጥቂት ጨው ብንጨምር፣ ሶዲየም የምሬት ስሜትን ስለሚያደክም ሻዩ ይጣፍጣል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨዋን ይተዋት።

ይህን ሁሉ ስንል ሻዩ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ቀረፋ የደም ስኳርን ይቀንሳል የሚለው ወሬ በገበያው ውስጥ በስፋት ይሰማል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ግን ቀረፋን ለስኳር በሽታ ለመምከር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ከዚህም በላይ ካሲያ የሚባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን ስላለው በብዛትና በየቀኑ መውሰድ ለጉበት አይመከርም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው ወሰን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ለአራት ብርጭቆ አንዲት እንጨት አያሳስብም፤ የቀረፋ ዱቄት በማንኪያ መቃም ግን ያሳስባል። ቅቤም ቢሆን ክብደቱ ግማሽ ያህል ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነውና፣ ለቀጭኑ ገበሬ የምንመክረውን መጠን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውለው የቢሮ ሰው አንመክርም፤ ለእርሱ ወተቱ ብቻ ይበቃዋል። ሻይ ከእህል የምናገኘውን ብረት ስለሚይዝ ከምግብ ጋር ሳይሆን በምግብ መካከል መጠጣቱ ይሻላል፤ ይህ ለነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይጠቅማል።

የርእሳችን ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ስኳሩ ከጠረጴዛው ይጥፋ አላልንም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ሲያልፈው ወይም ከወትሮው በላይ ሲሠራ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል። በዚያ ሰዓት ነፍሱን የሚያድነው ስኳር የበዛበት ሻይ ነው እንጂ የቅቤ ሻይ አይደለም፤ ስቡ ስኳሩን ከጨጓራ ያዘገየዋልና። በዕለት ሻዩ ላይ የነበረውን ስኳር በአንድ ጊዜ ለማቋረጥ የሚያስብ ኢንሱሊን ተጠቃሚም አስቀድሞ ከጤና ባለሙያው ጋር ይመካከር፤ የመድኃኒቱ መጠን ሊቀየር ይችላል። በሻይ ቤቶቻችን ስኳሩ ለብቻው በሳህን ወይም በጣሳ ቢቀርብ ግን ለሁሉም ይመቻል፤ የሚፈልገው ይጨምራል፣ የማይፈልገው ይተዋል፣ ሕመምተኛውም ለክፉ ቀን ያገኘዋል። ለባለቤቱም ወጪ ይቀንስለታል እንጂ አይጨምርበትም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በጾም ወራት ምን እናድርግ? የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ውስጥ ቅቤና ወተት የማይቀምስበት ቀን ብዙ ነው፤ የሰሜኑ ደጋም ጾሙን አጥባቂ ነው። መልሱ ከራሱ ከጾሙ ማዕድ ይገኛል። ለሱፍ ፍትፍት እንደምናደርገው ሱፉን ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ በውሃ አሽተን ስናጠልለው የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ስብ ያለውና ወተት የሚመስል ነው። ይህን ለብ አድርጎ በተጣራው የቅመም ሻይ ላይ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ በዝግታ መጨመር ነው። ኬዚን ስለሌለው የሻዩን ምሬት እንደ ወተት አይዘውም፤ ስለዚህ ሻይ ቅጠሉን በግማሽ መቀነስና ዝንጅብሉን ከፍ ማድረግ ይገባል። ቆሞ ሲያድር ስለሚዘቅጥ በየብርጭቆው ከመቅዳት በፊት መበጥበጥን አለመርሳት ነው።