ሶኬቱም አማና ነው



ባለፈው ረመዷን ከግቢ ውጭ በተከራየነው ቤት ለኢፍጧር እየተዘጋጀን ነበር። አንዱ ወንድማችን ዉዱእ አድርጎ ሲመለስ፣ እጁን ሳያደርቅ የስቶቩን ብረት ነካና ነዘረው። ወደ ኋላ ስለወደቀ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። እኛ ግን ያንን ስቶቭ ሳምንት ሙሉ «ትንሽ ትነዝራለች» እያልን ስንስቅባት ነበር። ከመካከላችን ሦስታችን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በዚያ ሳቅ ስለምናፍር ነው።

ባለሙያ መጥቶ ሶኬቱን ሲፈታው፣ ከፊት የሚታዩት ሁለቱ የግራውንድ ብረቶች ከኋላቸው ምንም አልታሰረባቸውም። የግራውንዱ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ላዩ የተሟላ፣ ውስጡ ባዶ። የግራውንድ ሥራ ወደ ዕቃው ብረት ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውሰድና ብሬከሩ እንዲቆርጠው መርዳት ነው። እርሱ ከሌለ መንገዱ የእኛ ሰውነት ይሆናል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ይልቅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል።

የታመመ ሶኬት ምልክት አለው። ዙሪያው ይጠቁራል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ይንጫረራል፣ ከግድግዳው ላልቶ ይወዛወዛል። የተሰካበት ዕቃ ይነዝራል። ቴስተር ፌዙ የት እንዳለ ያሳየናል እንጂ ግራውንዱ መታሰሩን አይነግረንም። የቴስተሩ መብራት በራ ማለት ሶኬቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ጭነቱንም እናስላው። 2000 ዋት ስቶቭ በ220 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ይስባል። እኩል ጉልበት ያለው የውሃ ማፍያ ሲጨመርበት 18 ይሆናል። የግድግዳው ሶኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለ16 አምፒር ነው፤ ዲቫይደሩ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። በላላ ማሰሪያ ላይ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከሩ «ስላስቸገረ» በትልቅ መቀየር፣ ወይም የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ መተካት፣ ሌባ አየሁ ብሎ የጮኸን ዘበኛ እንደማባረር ነው።

«ተከራዮች ነን፣ ነገ እንለቃለን» የሚል አይጠፋም። እኛ ስንለቅ ሌላ ተማሪ ይገባል። በዚያው ግቢ የአከራዩ ልጆችም አሉ። ከመተኛታችን በፊት እሳትን እንድናጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን በመድረሳ ስንማር ነገሩ ኩራዝን ብቻ የሚመለከት መስሎን ነበር። ዛሬ የቤታችን እሳት ግድግዳው ውስጥ ነው። አይቶ ዝም ማለትን ተወኩል ብለን ልንጠራው አይገባም።

ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለን። ከመጪው ረመዷን በፊት ኤሌክትሪክ የምንማር ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነን፣ እህቶች ወደ እህቶች፣ ወንድሞች ወደ ወንድሞች ቤት እንሂድ። እንይ፣ እናሽትት፣ እንመዝግብ። አንፍታ! አንድ ኮርስ ማለፍ ባለሙያ አያደርግም። ከዚያ ለአከራዩ አንድ ላይ ሆነን በአክብሮት እንንገር፤ ካልሆነም አዋጥተን ባለሙያ እንጥራ። እስኪሠራ ድረስ ያንን ሶኬት ማንም እንዳይጠቀምበት እናድርግ።

የእኛን ቤት ባለሙያው ሽቦውን ቦታው ላይ አስሮ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ያዋጣነው ገንዘብም ለአንድ ቀን ኢፍጧር ከምናወጣው ብዙም አልበለጠም። ወንድማችንን ልናጣው የነበረው በዚህች ነገር ነው።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ቻርጅ ልታደርጉ ስትጠጉ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ሶኬቱን አንድ ጊዜ እዩት። አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን።