ሰውን ከመውቀስ በፊት ሥራን መመርመር

«ኮምፒዩተር አይሳሳትም» የሚል አነጋገር በብዙዎቻችን ዘንድ ተለምዷል። እኔም በዚህ አምን ነበር። ዘንድሮ ግን ይህ እምነት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲያስለቅስ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ፕሮግራም በፐርል ቋንቋ ጻፍን። በሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ያሉ ክላየንቶች የተመለሰውን መጽሐፍ ለአንድ ሰርቨር ያስታውቃሉ፤ ሰርቨሩም ለእያንዳንዳቸው ትሬድ፥ ማለት ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ ክር፥ ይመድባል። ልጅቱ መጽሐፉን መልሳ ነበር፤ መዝገቡ ግን «አልተመለሰም» አለ። እኛም መዝገቡን አመንን፤ እርሷን ግን አላመንናትም።

ፕሮግራሙን ብቻዬን ስሞክረው እንከን አልተገኘበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትሬድ መቼ እንዳነበበና መቼ እንደ ጻፈ ከነሰዓቱ እንዲያመለክት አደረግን፤ በማንበብና በመጻፍ መካከልም አምስት ሰኮንድ እንዲቆይ አዘዝነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ክላየንቶች አብረን ባስነሣን ቁጥር ስሕተቱ ታየ። ሁለቱ ትሬዶች አንዱን መዝገብ እኩል ያነባሉ፤ ከዚያም የፊተኛው የጻፈውን የኋለኛው በአሮጌው ቅጂ ይደመስሰዋል። በከተማችን በወልቂጤ የአንድን እቁብ መዝገብ ሁለት ጸሐፊዎች ገልብጠው በየቤታቸው ቢያርሙት የሚደርሰው ይኸው ነው። መድኃኒቱም አንዱ አንብቦና ጽፎ እስኪጨርስ ሌላው እንዲጠብቅ መቆለፍ ነው። በፐርል ግን እያንዳንዱ ትሬድ የየራሱን ቅጂ ስለሚይዝ፥ ቁልፉ የጋራ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት፤ አለዚያ አያገለግልም።

ይህ የተማሪ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ በስድስት ሕሙማን ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቀቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ያለው የሥራዎች ሽሚያ ነበር። በዚያም አስቀድሞ የተባለው፥ መሣሪያው ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት፥ ብቻውን ሲሞከር የሠራ ፕሮግራም ገና አልተፈተነም፤ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲመጡበት ይታይ። ሰውና መዝገብ በተጣሉ ጊዜም አስቀድሞ መዝገቡ ይመርመር። ልጅቱን ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቀናታል፤ የወቀስናት ግን በሰው ፊት ስለ ነበር፥ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን መምህራንና ወላጆች ሁሉ እንዲያውቁት ይህን ጻፍሁ።