የተረት ግንብ ጎረቤቶች

ሰው ሰፈር ሲመርጥ ከዕድሜው ላይ ቆርሶ ነው የሚመርጠው። ልጁ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ሲታመም ማን በሩን እንደሚያንኳኳ፣ ሐዘን ሲደርስበት ማን አብሮት እንደሚያመሽ በአብዛኛው የሚወሰነው የቤት ውል በተፈረመበት ቀን ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል ሳይጠፋ የኖረውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ የራሴን ስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። በፍሎሪዳ ከዋልት ዲዝኒ ወርልድ አቅራቢያ በሚገኝ ሆቴል አልጋ እያነጠፈች የምትተዳደረው የአክስቴ ልጅ ቤት ልትቀይር ስታስብ፣ «ሒሳቡን አንተ ታውቀዋለህ፤ የት ልከራይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሒሳቡን ልሠራ ስቀመጥ ግን ነገሩ ከሒሳብ አልፎ ሄደ። ስለዚያ አካባቢ ባነበብኩ ቁጥር አንድ አቋም እየጠነከረብኝ መጣ፤ በዓለም የታወቀ መዝናኛ አጠገብ ሰፈር የሚመርጥ ሰው ግንቡ ምን ያህል ይርቃል ከማለቱ በፊት፣ ግንቡን ሌሊት የሚጠርገው ሠራተኛ እዚህ መኖር ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ አናሃይም፣ ብርቱካን ይለማበት በነበረ መሬት ላይ ሲከፍት ዙሪያውን አልገዛም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሞቴሎችና ባለመብራት ማስታወቂያዎች ግቢውን ከበቡት። በዚህ የተቆጨው ዲዝኒ በፍሎሪዳ 11 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በሌሎች ኩባንያዎች ስም በምስጢር አስገዛ። በዚያም ኤፕኮት የተባለ፣ 20 ሺህ ሰው የሚኖርበት የነገ ከተማ ሊሠራ አሰበ። በዕቅዱ ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለመሬት አይሆንም፤ ባለመሬት ካልሆነ ደግሞ በአስተዳደሩ ላይ ድምፅ አይኖረውም። ዲዝኒ በታኅሣሥ 1966 ዐረፈ፤ ከተማውም ሳይሠራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1971 መዝናኛው ተከፈተ፤ በ1982 ደግሞ የከተማው ስም ለሌላ መናፈሻ ተሰጠ።

ይህን ሕልም ያለመውን ሰው ክፉ ነበር አልልም። የተጎሳቆለ መንደር የሌለበት ከተማ ነው የተመኘው። ነገር ግን የተቸገረ ሰው እንዳይገባ በር መዝጋት ችግርን ማጥፋት አይደለም፤ ወደ ጎረቤት መንደር ማሻገር ነው።

ኩባንያው በ1990ዎቹ ሴሌብሬሽን የተባለች ከተማ ከመዝናኛው ደቡብ ቆረቆረ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሺዎች ተሰልፈው ዕጣ አወጡ፤ በ1996 የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ገቡ። ፖስታ ቤቷን ማይክል ግሬቭስ፣ የከተማ አዳራሿን ፊሊፕ ጆንሰን ነደፏቸው። የባንክ ሰው ነኝና ከሁሉ ዓይኔን የያዘው የባንኩ ሕንፃ ነው፤ እሱም የሮበርት ቬንቱሪና የዴኒዝ ስኮት ብራውን ሥራ ነው። በዚያ ሞቃት አገር በየዓመቱ በገና ሰሞን ማታ ማታ በዋናው መንገድ ላይ ከሳሙና አረፋ የተሠራ በረዶ ይዘንባል።

በዚህ በረዶ ብዙ ሰው ስቋል፤ እኔ ግን አልስቅም። ሰው ልጁን ለማስደሰት ሰማይ ቢያስመስል ነውር የለውም። ከዚህም በላይ የሴሌብሬሽን ንድፍ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ቤቶቹ በረንዳ አላቸው፤ በረንዳዎቹም ወደ መንገድ ያያሉ፤ ሱቁ በእግር ይደረሳል፤ መኪናው በጓሮ በኩል ይገባል። ያለ መኪና ዳቦ መግዛት በሚያስቸግር አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የከተማዋ ጉድለት በረንዳው ሳይሆን የበረንዳው ዋጋ ነው።

ከዚያች ከተማ ደጃፍ በኪሲሚ በኩል 192 ቁጥር የተባለው አውራ ጎዳና ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ለጎብኚ ማደሪያ የተሠሩ ሞቴሎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ቤተሰቦች በየሳምንቱ እየከፈሉ ይኖራሉ፤ ልጆችም ከዚያ ተነሥተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የሾን ቤከር «ዘ ፍሎሪዳ ፕሮጀክት» ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንን ኑሮ ለዓለም አሳይቷል። እዚህ ላይ የባንክ ሰው ሒሳብ ልጨምር። የሳምንቱ ክፍያ በወር ሲደመር ከአንድ መደበኛ ቤት ኪራይ ሊበልጥ ይችላል። ታዲያ ለምን አይወጡም? መደበኛ ቤት ለመከራየት የመጀመሪያውን ወር፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻውን ወርና መያዣ በአንድ ጊዜ መክፈል ያስፈልጋል። ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ላይ ያልያዘ ሰው ውዱን ኑሮ በችርቻሮ ይገዛል። ድህነት ርካሽ መስሎ ይታያል እንጂ ከኑሮ ሁሉ ውዱ እርሱ ነው።

«ይህ ቤት ፈላጊውን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ከመናፈሻው በስተ ምዕራብ ባለው ሆራይዘን ዌስት በተባለ አካባቢ 80 ኤከር መሬት ለአነስተኛ ኪራይ ቤቶች እሰጣለሁ ሲል፣ ተቃውሞ የተሰማው በዙሪያው ከሚኖሩት ነበር። መንገዱ ይጨናነቃል፣ ትምህርት ቤቱ ይጣበባል አሉ። ስጋቱ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ከሩቅ መንደር የሚመላለሰው ሠራተኛም እኮ በዚያው መንገድ ላይ ነው ያለው። መንገዱን የሚያጨናንቀው ሰውዬው መኖሩ ሳይሆን ከሥራው ርቆ እንዲኖር መገደዱ ነው። ጎረቤት አትሁነኝ የተባለ ሰው ከፊት ለፊታችን ባለው መኪና ውስጥ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። የመዝናኛው ግዛት ከ1967 ጀምሮ በራሱ በኩባንያው በሚመራ ልዩ አስተዳደር ሥር ነበር፤ በ2023 ደግሞ ቦርዱ በአገረ ገዢው ሹመት እንዲቋቋም ሆነ። ግዛቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር አልጋ አንጣፊዋንም ሆነ መንገድ ጠራጊውን የጠየቀ የለም። በግል ሰፈሮችም የቤት ባለቤቶች ማኅበር የአጥሩን ቀለም ሳይቀር ይወስናል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የማኅበሩን ደንብ እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ ወርኃዊ መዋጮውንም ከኪራዩ ጋር ደምሮ ማየት ይገባል።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰፈሩን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ርችት በሚተኮስበት ምሽት ግን አይሁን። በሥራ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነው መታየት ያለበት። አውቶቡስ ያልፋል? ከየቤቱ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ይወጣል? አሮጊት በእግሯ ወደ ሱቅ ትሄዳለች? ይህ ካለ የግንቡ ጫፍ ባይታይም ሰፈሩ ሰፈር ነው። ከሌለ ግን መኖሪያ መስሎ የተሠራ ሌላ መናፈሻ ነው፤ መናፈሻ ደግሞ ሲመሽ ሁሉንም ያሰናብታል።